ሁለት ሽማግሌ

በዳስ በዓል ማግስት ጣሪያዬ ላይ እድፍ በቀለ፤
መጀመሪያ ሳንቲም አከለ፣
ሲሰነብት እንደ በሬ ግንባር ተንጠለጠለ።
ከሥሩ ያኖርሁት የቀለም ባልዲ
ሌሊቱን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ።

ከላዬ ያለው ጎረቤት ማክሉፍ ይባላል፤
ስሙ ከፖስታ ሣጥኑ ላይ ተጽፏል።
በዚህች አፉላ፣ በአንድ ደረጃ፣ አሥራ አንድ ዓመት ወጥተን ወርደን፣
"ሻሎም" ብለን ነው እንጂ ከዚያ አልፈን አልሄድን።

የኔ ዕብራይስጥ የመወልወያ ዕብራይስጥ ነው፦
"ወለሉ ርጥብ ነው"፣ "ቁልፉ የት ነው?"፤
ለወቀሳ አይሆን፣ ለወግ አይበቃ።
ድሮ ልጄ ኤፍራት ነበረች አፌ፤
በሰባት ዓመቷ ባንክ ቤት አቁሜ
ዕዳዬን በልጅ ድምፅ አስቆጥሬያታለሁ።
አሁን ኤላት ናት፣ የሆቴል ሂሳብ ይዛ።
"አባ፣ ስልክህ ላይ ጭኜልሃለሁ፤ እሱን ጠይቅ፤
እንደኔ አይቆጣ፣ አይልህ 'ጥቂት ጠብቅ'።"

እውነቷን ነው። የአርኖናውን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ብሰጠው
የሦስት ገጽ ቁጣ በሁለት መስመር ፈታው፤
ቅናሽ እንደሚገባኝ፣ በየት እንደማመለክት ነገረኝ።
የማጸዳውን ትምህርት ቤት አራት ፎቅ ተራ አውጥቶ
ለጉልበቴ ደረጃ ቀነሰልኝ።
አማርኛው ግን እግሩ የተጠገነ ወንበር ነው፤
ይይዝሃል፤ አትደገፈው።

ከሌሊቱ በሰባት ሰዓት፣ ባልዲው ሲሞላ፣
"ጻፍልኝ" አልሁት፤ "ለማክሉፍ። ክስ አይሁን፣ ስድብ አይኑርበት።
ቧንቧህ ያፈሳል በል። ጎረቤት ነን በል።
ካልሆነም፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ
ሁለት ሽማግሌ እልክብሃለሁ በል።"
"በደስታ!" አለኝ። ሁልጊዜ በደስታ ነው እሱ።
ፊደሎቹ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ጉንዳን ገሰገሱ።
አትሜ በማክሉፍ በር ሥር አሾለክሁት።

ሐሙስ ዕለት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ግልባጩን አንብባ
ሳቀች፣ ሳቀች፣ መነጽሯን እስክታወልቅ።
"ሁለት ያረጁ ሰዎች ትልክበታለህ? ምን ሊሆኑ? ሊሞቱበት?"
እንዴት ላስረዳት?
ሽማግሌ ሽበት አይደለም፤ እግር ነው፣
ባልበደለው በደል የሰው ደጅ የሚጠና።

ስልኬን ወቀስሁት። "ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ" አለኝ፤
"አስታራቂ ማለት ነበረብኝ።"
በየቢሮው ተሰልፌ ያላገኘሁትን ይቅርታ
ከኪሴ አገኘሁት፣ በዚያች ቅጽበት፣ ያለ ቀጠሮ።

ዓርብ መጣ። ሽማግሌ የለኝም።
አቶ ዋሴ ቤርሳቤህ ልጁ ዘንድ ገብቷል፤
አቶ ይታየው ሆስፒታል ተኝቷል።
ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፤
አንድ እኔ፣ አንድ እሱ፤ ቁጥሩ ሞላ አልሁ።

ማክሉፍ በነጭ ሸሚዝ በሩን ከፈተ።
ሁለት ወንበር፤ በየወንበሩ ትራስ፣
ያረጀ ሰው ወገቡን ያመዋል ብሎ።
ለውዝ። ሻይ በናና።
"የታሉ ሽማግሌዎቹ?" አለ፣ በትከሻዬ አሻግሮ ደረጃውን እያየ።

ስልኬን ሳወጣ ጣቱን ወደ መስኮቱ ቀሰረ፤
ፀሐይ ጠልቃ፣ የሰንበት ሻማው ተለኩሶ ነበረ።
አጠፋሁት።
ያኔ የመወልወያ ዕብራይስጤን ብቻ ይዤ ቀረሁ።
ጣሪያ የሚለውን ቃል ስላላወቅሁ
"ያንተ ወለል" አልሁት፣ "በኔ ራስ ላይ ርጥብ ነው።"

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤
ሳል የቀላቀለ፣ ጠረጴዛ የሚመታ።
"እሑድ" አለኝ፣ "ቧንቧ ሠሪ።"
ዕድሜውን በጣቶቹ ቆጠረልኝ፣ ሰባ ስምንት፤
እኔም የኔን፣ ስልሳ ሦስት።
አንዱን ወንበር ሳበልኝ፤
አንዱን ራሱ ተቀመጠበት።

ሰንበት ስትወጣ ስልኬን ከፈትሁት።
"ዛሬ በምን ልርዳህ?" ይላል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።
"ጣሪያ በዕብራይስጥ ምን ይባላል?" አልሁት።
"ቲክራ።"
አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አልሁት፣
ወደ እድፉ እያየሁ።
ባልዲው፣ እስከ እሑድ፣ ጠብ ይላል።