ቆማ የምትወልድ

አባቱ ሲሰይሙት፣ ምንም ሳይኖራቸው፣
«ያለው» አሉት ልጁን፤ ስም ነበር ሀብታቸው።
ቡሬ ውሃ ቢሮ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤
ሠፈሩን በእግሩ ነው ቤት ለቤት የሚያስሰው።
አምና በግንቦት ወር አንድ ቀን መጣና
«ፈርምልኝ» አለኝ፣ «ልገዛ ነው መኪና።»

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ መናኸሪያው ጀርባ፤
ብድር እንደ ሱሪ ሲለኩት ነው የሚገባ፣
ሲቀመጡበት ነው ስፌቱ እሚተረተር፤
ይህን እያወቅሁት ፈረምሁ ሳላንገራግር።

«ብር ዛሬ ቅቤ ነው ፀሐይ ላይ የሰጡት፤
ቶሎ ነው በብረት፣ በጎማ እሚለውጡት።
ባንክ ያስቀመጥሁት አምና በግ ነበረ፤
ዘንድሮ ብጠይቅ ዶሮ ሆኖ አደረ።»
ምን ልበለው? እውነት ነው።

መጣች ኮሮላዋ በባሕር ዳር መንገድ፣
አንዱን በር ሲዘጉት ሌላው እሚበረገድ።
ቄሱ ጠበል ረጩ ጎማዋን፣ መሪዋን፤
ትንሿ ልጁ ትርንጎ ላሰችው በሯን።

አማቱ ከወንበርማ በርበሬ ጭነው መጥተው
ዞሯት፣ ዞሯትና፣ ጥርሷን ፈልገው አጥተው፣
«ታርሳለች?»
«አታርስም።»
«ትታለባለች?»
«አትታለብም፣ አባባ።»
«ታዲያ ምን ትበላለች?»

ሳቅን።

በላች። ቤንዚን በላች። ጎማ፣ ባትሪ፣ ዘይት፤
የቤቱን ወር ኪራይ፣ የሕፃኗን ወተት።
የሚስቱ የአበሩ የዕቁብ ተራ ደርሶ
አንድ ሌሊት ሳያድር ሄደ ወለድ ለብሶ።
እኔም ጋ አዲስ እሚያሰፋ የለም፣ ሁሉም ነው እሚያስጠብብ፤
ዋጋ በወፈረ ቁጥር ይከሳል የሰው ወገብ።

ግን ደግሞ ጉድ በሉ፦ ቆማ ትወልዳለች!
ሳትነዳ፣ ሳትሠራ ዋጋ ትጨምራለች።
ደላላው ስንሻው ባለፈ ባገደመ ቁጥር
«ሁለት መቶ ሺ ወጣች!» ይላል ጣቱን ሲቆጥር።
«ሸጬ ምን ልገዛ?» ይለዋል ያለው ቆሞ፣
«እሷኑ ነው መልሼ፣ ከነትርፌ፣ ደግሞ።»

በወረቀት ሲሰላ ያለው ባለጠጋ፤
ሁለት ጣሳ ሽሮ ይበደረኛል ሲነጋ።
ቆጣሪ ለማንበብም በእግሩ ነው የሚወጣ፤
መኪና ያለው ሰው፣ ጫማ መግዣ ያጣ።
እሷ ግንቡ ሥር ናት፣ ላስቲክ ተከናንባ፣
ድመት ወልዳባታለች፣ በመስኮቷ ገብታ።

ኅዳር ላይ ለእኔ መጣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ፤
«ዋስ እንደመሆንዎ…» ይላል። ወረደ ልቤ።
ሦስት ወር አልገባም። የኔ ደመወዝ መርፌ ነው፤
ከመርፌ ላይ ባንክ ምኑን ነው የሚቆርጠው?
ተናድጄ ወጣሁ በምሽት ወደ ቤቱ፣
ያዘጋጀሁት ቃል ነበረ ብርቱ ብርቱ።

መብራት የለም ያን ለት። ላስቲኩ ተገልጦ
ቤተሰቡ ሁሉ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ፣
ሞተር ሳይነሣ፣ ጎማው ሳይሽከረከር
ያለው መሪ ያዞራል፤ ትርንጎ ትናገር፦
«ፍኖተ ሰላምን አለፍን! አሁን ደንበጫ!
አባዬ ቀስ በል፣ ከብቶች!»
አበሩ በመስኮቱ ታያለች
ጨለማ ብቻ።

የኋላውን በር ከፈትሁ።
ማንም አልደነገጠ።
«ወዴት ነህ?» አለኝ ያለው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።
ከንፈሬ ላይ የነበረው ያ ብርቱ ቃል
ድመቷን አየና ተመለሰ።
«ማርቆስ» አልሁት።

ትርንጎ ዞራ እጇን ዘረጋችልኝ።
አንድ ብር ሰጠኋት። ገላበጠችው በስልኩ ብርሃን።
«ታሪፍ ጨምሯል» አለችኝ።

ደብዳቤውን አጥፌ ጨመርሁላት።
በሩን ሳብ አድርጌ ዘጋሁት፤

የወዲያኛው ተበረገደ።