ይቅርታ፣ አራት ጊዜ

በካስትሮ ወደብ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ማንም «ግባ» አይለው፣ ማንም «ውጣ» አይለውም።
ከጀልባ መሳፈሪያው፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣
ጠዋት ቆሜያለሁ ይዤ እርሳስና ደብተር፤
በኪሴ ሰዓት መቁጠሪያ፣ በሆዴ ደግሞ ኩራት።
የትኬት ማሽኑን ገጽ የሣልሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት
በአንድ አረንጓዴ ቁልፍ ከራሴ ጋር ስከራከር፣
«ይኸኛው ቅጠል መሰለ፤ ያኛው የባሕር ሣር»
እያልሁ ስመርጥ፣ ስጥል፣ ሌሊት ከመብራት ጋር።

መምህሬ ሌኦንቲና ማታ አስጠነቀቀችኝ፦
«እጅህን ኪስህ ክተት፤ ምላስህንም ያዝልኝ።
አታሳይ፣ አታስረዳ፣ ቁልፉን አትጠቁም፤
ማሽኑ ሲሸጥ፣ አንተ አብረህ አትሸጥም።»

ኤደልሚራ መጡ፤ ሰባውን ያለፉ፣
የሱፍ ክር ጆንያ እንደ ልጅ ያቀፉ።
ማሽኑ ጠየቃቸው፦ «የመታወቂያ ቁጥር?»
ጆንያውን አኖሩት ከኩሬው ዳር፣
ጓንታቸውን በጥርስ ስበው አወለቁ፣
መስታወቱን ነኩ። ምንም። ደግመው ነኩ። ጠበቁ።
እርጥብ ጣት አያውቅም ማሽኑ፤ እኔም አላውቅ፤
የሣልሁት ከቢሮ ነው፣ ምድጃ ስሞቅ።

«ይቅርታ» አሉ።
ለማን? ዞር ብዬ አየሁ። ሰው አልነበረም።
ለማሽኑ ነው። እንደ ደጅ ጠኚ ጎንበስ ብለው፣
እኔ ለሣልሁት መስታወት።

ደብተሬ ላይ ጻፍሁ፦ «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ።»
እግሬ ሊሄድ አለ፤ ያዝሁት በትካዜ።
ሁለተኛው «ይቅርታ» ቁጥር ሲሳሳቱ፣
ሦስተኛው ሁሉም ጠፍቶ ሲጀምር ከጥንቱ፣
አራተኛው ወደ ኋላ፣ ለቆመው ወረፋ።
ያን አረንጓዴዬን፣ እንቅልፍ የከፈልሁበትን፣
አላዩትም፤ ዓይናቸው ይፈልግ ነበር ሰውን።

ጀልባው ጮኸ። መወጣጫው ተነሣ። ሄደ።
ዝም አይነቅዝም አሉ፤ የእኔ ግን ያን ለት
ውስጥ ውስጡን ሲነቅዝ በጆሮዬ ሰማሁት።
እሳቸው ጆንያቸውን አንሥተው፣ ሣቅ ብለው፣
«ልጄ፣ ድንቁርና ነው፤ እኔ ምን አውቄ» አሉኝ።
ደንቆሮው እኔ መሆኔን
ለመናገር አፌን ስከፍት
ዝናቡ ቀደመኝ።

ማታ ሌኦንቲና ደብተሬን አነበበች፤
ደቂቃውን ዘለለች፣ ሰከንዱንም ዘለለች፣
«ይቅርታ፣ አራት ጊዜ» ከሚለው ላይ ቆመች።
«ይህ ነው መለኪያህ» አለች። ሌላ አልተናገረች።

በነጋው ማሽኑን ትቼ ካርቶን ቆረጥሁ፤
ለመቅደድ የማያሳሳ ገጽ በእርሳስ ሣልሁ።
ከገበያው ጥግ፣ ከክሮቻቸው መካከል፣
«የሳትሁት እኔ ነኝ፤ ያስተምሩኝ» ብል፣
ካርቶኔን አገላብጠው ያዩታል፣ ያዩታል፦
«ጀልባ ነው ፖሊስ ነው፣ ስሜን የሚጠይቅ?
ባልዶሜሮ በመስኮቱ ሠላሳ ዓመት ሲያጮልቅ
አንድ ነበር ጥያቄው፦
‹ወዴት ነዎት?›»

ወዴት ነዎት።
አሥራ አራት ገጽ ስሥል አንዱም ላይ ያልጻፍሁት።

ባልዶሜሮን አገኘኋቸው፣ መረብ ሲጠግኑ።
መስኮታቸውን የዘጋው የእኔው ነበር ማሽኑ፤
ወንበር ሳቡልኝ ግን። «እኔ» አሉ፣ «አስቀድሜ
እጁን ነው የማየው። እርጥብ ከሆነ፣ ቆሜ
ሳንቲሙን ከመዳፉ ራሴ አነሣለሁ፤
የሚያለቅስ ከመጣ ዋጋውን አዘገያለሁ።»
ይህን በየትኛው ቁልፍ ልሣለው?
አላወቅሁም። ጻፍሁት።

ዛሬ ዘጠነኛው ካርቶን መስታወት ሆኗል፤
«ወዴት?» ይላል፣ ብቻውን፣ በትልቅ ፊደል።
ቁልፉ የሚጎረብጥ ነው፣ በጓንትም ይጫናል።
አረንጓዴው? እንጃ፤ ግራጫ ሳይሆን አይቀርም።

ኤደልሚራ መጡ። ጓንታቸውን አላወለቁም።
እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ምላሴን ነክሻለሁ።
ትኬቱ ወጣ። ገለበጡት። ጥቂት ጠበቁ፦
«መልካም መንገድ አይልም? ባልዶሜሮ ይል ነበር።»
ጻፍሁ።
ከዚያ ጆንያውን አቅፈው ወደ ጀልባው ሲጣደፉ
እግሬን ረገጡኝ።

ደብተሬ ላይ፣ ከቀኑ ሥር፦
«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ። ለእኔ።»