የፊተኛው ቁጥር

ዶን ኤቬሊዮ ከኢንሳ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረው፣
ሦስት ኪሎ ጥሬ ቡና በሩዝ ከረጢት ቋጥረው፣
ፖፓያን ገቡ። ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ ከደጃፋችን፤
«መሬቴ ምን እንደሚል ንገሩኝ» አሉን።

እኔ ኤዲልማ ነኝ፤ ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ፣ ዛሬ ቡና መዛኝ፤
አፈር ይናገራል ብሎ የሚያምን ሰው አስደነገጠኝ፤
እኔን ማሽን እንጂ አፈር መቼ አናግሮኝ።

ፍሬውን አየሁት፤ ዝናብ እንደጠገበ ድንጋይ አረንጓዴ ግራጫ፤
ወፍጮ እንኳ ይታክተዋል፤ አቀዝቅዞ መስበር ነው ያለው ምርጫ።
ዱቄቱን በአልኮል ዘፈዘፍኩ፤ ቢጫውን ጠብታ ጨመርኩ፤
ቁምሳጥን ውስጥ፣ ጨለማ ላይ፣ ዘጋሁበትና ጠበቅኩ።
ቢጫው አረንጓዴ ሆኖ፣ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ሲያልፍ፣
ታየኝ ተክሉ ለትልና ለፀሐይ ብሎ የሸሸገው ሰይፍ።
ስሙ ፖሊፌኖል ነው። እኔ ቂም እለዋለሁ፣ ብቻዬን ሳለሁ፤
ክፉ ዓመት ያየ ተክል የያዘው ቂም፤ እሳት ሲነካው ጣዕም ሲሆን ቀምሻለሁ።

ለማዕድኑ ግን ምሕረት የለም።
እቶን፤ አምስት መቶ ሃምሳ ዲግሪ፤ ሌሊቱን ሙሉ፤
ጠዋት ስከፍተው የለም ያ ሽታ፣ ያ ቂም፣ ያ ሁሉ፤
ከነጭ ሸክላ ስኒ ሥር ቁንጥር አመድ፤
ባስነጥስ የአንድ ሰው ማሳ በአየር ላይ ሊሄድ።

ፖታሲየም እንደ ልማዱ ነበልባሉን ሐምራዊ ቀባ፤
ማግኒዥየም ደህና፣ ካልሲየም ደህና፤ ብረቱ ግን ግራ የሚያጋባ፤
ከሰው ቡና ሦስት እጥፍ። ደገምኩት። ሦስት እጥፍ። ማንኪያዬን ለወጥኩ፤
አሲዱን ብቻውን ለካሁት፤ ንጹሕ። እጄን ጠረጠርኩ።

ደወልኩላቸው። «የሚፈለፍሉት በምንድነው?» መልሱ ዘገየ፤ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።
«ማሽኗ አሮጌ ናት፤ የሚስቴ። ዝገቷ እጅ ያቀላል።
ልጆቼ አዲስ ግዛ ይሉኛል። እጀታዋ ላይ ግን የኤርሲሊያ ቦታ አለ፤
አርባ ዓመት ያዞረችው እንጨት፣ በመዳፏ ልክ የጎደለ።»

አፈሩ አይደለም የተናገረው። ደንቡ ግልጽ ነው፣ የማያሻማ፤
«ብክለት፣ ከመሣሪያ» ይባላል፤ በአንዲት ቃል ኤርሲሊያ ልትታማ።
ጻፍኩ። ምን ላድርግ? ቁጥር ለማንም አያዝንም፤
ገዢው የሚፈልገው መሬቱን እንጂ የሙት መዳፍ አይደለም።
በጣት የተፈለፈለ አንድ ኪሎ ይላኩልኝ አልኳቸው፤
ላኩ። ብረቱ ወረደ፣ እንደ ሰው ሆነ፤ ማኅተም መታሁላቸው።

ሊወስዱ ሲመጡ፣ «የፊተኛውንም ጻፊልኝ» አሉ፣ «ለብቻው፤ በትንሽ ወረቀት።»
ጻፍኩላቸው፤ በኪሎ፣ መቶ አራት ሚሊግራም ብረት።

አጥፈው ከደረት ኪሳቸው ከተቱት። አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ይነሣል።
ስኒዋን በአሲድ አጠብኳት፤ ሦስቴ። ከሥሯ የቀላ ክብ አልለቅ ብሏል።

ለናሙና አትሆንም ከእንግዲህ።
የወረቀት ማያዣ አኑሬባታለሁ።