ስርዝ ድልዝ

ሰኔ ነው፤ ከማራኪ በላይ ሰማዩ ከብዷል፣
የማዕረግ ኮሚቴው ደብዳቤ ልኳል፦
«የዶክተር አትጠገብ የምርምር ዝርዝር፣
ስርዝ ድልዝ የሌለው፣ ከነዘመን ከነቁጥር፣
እስከ ዓርብ ይቅረብ።»

እኔ የካርድ ክፍል ሰው፣ ሃያ ሁለት ዓመት
በመደርደሪያ መሐል አቧራ ስቅምበት፣
ፊትን የምረሳ፣ ቁጥር የማልረሳ፣
ቆጠርሁ፣ ቆጠርሁና ሞላልኝ ሠላሳ፤
ስምንት ተረፈ።

አንዱ ስለ ደም ማነስ፣ ደምቢያ ላይ የታየ፤
አንዱ መተማ ወርዶ፣ በረሃ የቆየ
የቀን ሠራተኛ፣ ስለ ጣፊያው ማበጥ፤
አንዱ ስለ ሕፃን፣ ነስሩ ሲያስደነግጥ፤
ዐሥራ አንዱ ስለ መቅኔ፦ መድረቁ፣ መንጠፉ፣
ከአንዱ አጥንት ወደ አንዱ ተሻግሮ ማረፉ።

መቅኔ!
ቅኔ ቤት ገብቼ ከጉባኤ ቃና ያልዘለልሁ፣
በሁለተኛው ቤት ተደናቅፌ የቀረሁ፣
ይችን ቃል ስተይብ ጣቴ ቆም አለ፤
«መ»ን ብታነሣት ቅኔ ተከተለ።
ገንዘብ ያልረጋለትን የሰፈሬ ሰው
«መቅኖ ቢስ» ይለዋል፣ ማንም ሳይመረምረው።

ኮሚቴው ነጥብ ቆጣሪ ነው፤ ለፊተኛ ስም ሙሉ፣
ለመሐል ስም ሽራፊ፤ እንደዚህ ነው ውሉ።
እኔን ግን ልማድ ጎተተኝ ወደ ካርዶቼ ጥግ፤
ዐሥራ ዘጠነኛው ጽሑፍ ላይ፣ ስም በማይፈቅድ ሕግ፣
«ሰባት ታካሚዎች» ይላል። ስድስቱን አገኘሁ
ከተዘጉት መሐል፤ አራግፌ መለስሁ።
ሰባተኛው ካርድ ቢጫ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው፤
ጌጡ አላምረው። ቆላድባ። ዕድሜው ዐሥራ አራት ነው።
የደም ዓይነት፦ ኦ።
ኦ ላይ ሰረዝ። ከጎኑ፣ በሌላ እስክርቢቶ፣ ኤ።

ትዝ አለኝ ያ ቀን።
ያኔ ገና ጀማሪ ነኝ፣ ሕግ የምወድ፣ የማልታገሥ ስህተት፤
«ደም እንደ መታወቂያ ይታደሳል ወይ?» ስል
ነርሷን አስለቅሼ፣ ካርዱን አንጠልጥዬ፣ ስሮጥ ስቸኩል፣
ዶክተሯን ፎቅ ላይ አገኘሁ፣ ቆማ ሳምቡሳ ስትበላ፤
ጣቷን በጋዋኗ ጠርጋ አየችው፣ ዓይኗ ሳይቀላ።
«አልተሳሳተችም» አለች።
«የእሱ መቅኔ ነጥፎ፣ ባሕር ማዶ የአንጓችን ተቀበለ፤
ከዚያ ወዲያ በአካሉ ውስጥ የእሱ ደም የት አለ?
እኅቱ ናት የምትሠራለት፣ ሌት ተቀን፣
እሱ አጥንት ውስጥ ተቀምጣ።»
ሳምቡሳዋን ጨረሰች።

አጥንት ሲቆጠርማ ሰምቻለሁ ዱሮ፣
እስከ ሰባት ቤት፣ ለጋብቻ ለርስት ተቆጥሮ፤
እንዲህ ሲቆጠር ግን! አራት ወንድም ተመርምሮ
አንዱም አልገጠመ።
የገጠመችው እሷ ናት፣ መሬቱን ሲካፈሉ
«ባል ታግባ» ተብላ ያለፋት ዕድሉ።

ዝርዝሩ ደግሞ ሙሉ አይደለም።
ያን ልጅ ለማሳከም ለኤምባሲው፣ ለአየር መንገዱ፣ ለዕድሩ
የጻፈቻቸው ዐሥራ አንድ ደብዳቤዎች የሉበትም።
ለስድስቱ ወላጆች፣ ማታ ማታ፣ በእጇ
የጻፈችውም የለም።
ነጥብ የለውም።

ዓርብ አደረስሁ፤ ስድስት ገጽ፣ ነጭ፣ ያለ ነቁጥ፤
ነጥቡ ሞላ ይሁን ጎደለ፣ የነገረኝ የለም ቁርጥ።

ነሐሴ ላይ፣ አንገረብ ድንጋይ ሲያንከባልል፣
አንድ የአዘዞ ባለ ባጃጅ መስኮቴ ላይ ቆመ፣
ፂሙ ዝናብ ያንጠባጥባል፣ ሴት ልጁን ታቅፏል።
አሮጌው ካርድ በአዲስ ፎርም ይተካ ተብሏል፤
ስሙን ሞላሁ፣ ቀበሌውን ሞላሁ።
«የደም ዓይነት?» አልሁት።
«የአንጓች» አለኝ።

ቦታው ጠባብ ነው፤ ለአንድ ፊደል የተተወ።
አጣብቄ ጻፍሁት።