ሦስተኛ ወገን

የአዳማ ነፋስ አይናገርም፣ ከየት እንደሚመጣ፤
የቦኩን አቧራ ተሸክሞ ድንገት ከጎን የሚወጣ።
እኔም ያን ቀን ሁለት ኮት በፌስታል አንጠልጥዬ፣
አንዱ የሙሽራ፣ አንዱ የሚዜ፣ «ዘጠኝ ሰዓት አደርሳለሁ» ብዬ፣
በአሮጌዋ ሞተሬ ወደ ፍራንኮ ስታጠፍ፣
አይሱዙው መጣ።
ሌላውን አላስታውስም፤
አንድ እጅጌ ብቻ፣ ከአጥር ሽቦ ላይ ሲርገፈገፍ።

ጉልበቴ ሦስት ቦታ ነው። ሐኪሙ በጣቱ ቆጠረ፤
ብረት ይገባል አለ፤ የብረቱም ዋጋ በወረቀት ሰፈረ።
እግር ነው ትሉ ይሆናል፤ ለልብስ ሰፊ ግን እግር
ፔዳሉ ነው፤ ከመርፌው በታች የሚሠራ ምስጢር።

ጸዳለ ትባላለች፣ የመድን ድርጅቱ ሠራተኛ።
ሦስት ጊዜ ሄድኩ እሷ ዘንድ፣ አንዴም ታዝዬ እንደ በሽተኛ።
«የኔ ወረቀት አላለፈም» አልኳት፤ «ይኸው፣ በየዓመቱ
ቀን ሳላዛንፍ ከፍያለሁ፤ ይኸው ማኅተሙ፣ ይኸው ዕለቱ።»
አነበበችው፤ በእርጋታ፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው።
«ነስሩ» አለችኝ፣ «ያንተ ወረቀት ሌላውን ነው የሚጠብቀው።
ብትገጭ ላልቶ አንድ ነገር ነው፤ ብትገጭ ጠብቆ ሌላ።
ለላላው ከፍለሃል፤
ለጠበቀው ግን የገጪው ወረቀት ነው የሚጠየቅ።
የገጪው ደግሞ…»
መነጽሯን አወለቀች።
«ከአሥራ አንድ ቀን በፊት አልፏል።»

የአይሱዙውን መስታወት አስታወስኩ፣ ያችን ክብ ወረቀት፣
የአዳማ ፀሐይ ልሳ ልሳ ዓመቷን ያጠፋችባት።

ፈንድ አለ አለችኝ፤ ማመልከት ነው፤ የፖሊስ ማስረጃ፣ የሐኪም ቦርድ።
«ግን ጣሪያ አለው።»
እኔ የማውቀው ጣሪያ ዝናብ የሚመክት፤
ይሄ ግን ጎንበስ ብለው የሚገቡበት።
ብደምረው፣ ብረቱን፣ አልጋውን፣ ሥራ የፈታሁባቸውን ወራት፣
ሒሳቤ ከጣሪያው በላይ ተረፈ፤ ዝናብ መታው ከአናት።

ከገጹም ጀርባ አንድ ባዶ ሳጥን አሳየችኝ፦
«የራስ አካል ጉዳት»።
ጠይቃኝ ነበር፣ በዚያች ጠዋት።
«ስንት ይጨምራል?» ብዬ፣ «በቃ፣ ተይው» ብዬ፣
በልዩነቱ ዚፕ ገዛሁ። ሁለት ደርዘን።
ግማሹ አሁንም አለ፤ መሳቢያዬን ስከፍት
ጥርሱን ገጥሞ ያየኛል።

ሾፌሩ ሁንዴሳ ነው ስሙ፤ ሃያ ሦስት ቢሆነው።
መኪናው የሱ አይደለም፤ ባለቤቱ ስልኩን ካጠፋ ወር ሆነው።
እሑድ እሑድ፣ ከወንጂ፣ ሸንኮራ ተሸክሞ መጥቶ
ከደጃፌ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ከኮርኒሱ ሰክቶ።
አንድ ቀን ሱሪው ከጉልበቱ ላይ ተቀዶ አየሁ፤
«አውልቀው» አልኩት፤ ፎጣ ሰጠሁትና በእጄ ሰፋሁ።
ይቅር ብዬው አይደለም። ይቅርታ ብረት አይገዛም።
ቀዳዳ አይቶ ማለፍ ግን፣ ይህ እጅ አልለመደም።

ማታ ማታ ውሉን አነባለሁ። አንደኛው ወገን ድርጅቱ፣
ሁለተኛው እኔ፣ ከነፊርማዬ፣ ከነቀበሌዬ፤
ሦስተኛው መንገድ ላይ ያለ፣ ስም የሌለው።
ስንት ዓመት ለማላውቀው ወገን ከፈልኩ!
እኔም የማላውቀው ሰው ወገን መሆኔን
አይሱዙ እስኪነግረኝ አላሰብኩ።

አሁን ከሱቄ ፊት መኪና ሲቆም ክራንቼን ይዤ እወጣለሁ፤
አንገቴን አስግጌ፣ መስታወቱ ላይ ቀኑን አነባለሁ።
አንዳንዱ ደንብ አስከባሪ ይለኛል፣ አንዳንዱ እብድ።
ሰኞ ዕለት አንዱን አንኳኳሁ፤ መስታወቱን በግማሽ አወረደ።
«ወንድሜ፣ ሐሙስ ያልፋል።»
«ምኑ?»
«ወረቀቱ።»
አየኝ፤ ክራንቹን አየ፤ ሳንቲም ፍለጋ ኪሱ ገባ።
«አይደለም» አልኩት፣ «ወረቀቱ…»
ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።
አቧራው ቆየ።