ነጥብ

ሐምሌ ሲያባራ፣ ሸዋ ሮቢት ጓሮ
አጥንት የሚሰብር ንዳድ ገባ ዘንድሮ።
ላኩኝ ጭልፋ ሰጥተው፣ ማን ጀመረው ብለው፣
ከቤት ቤት እየዞርኩ ነጥቡን እንድጥለው።

ፋንታዬ ጉልበቷን በሻሽ ጥፍር አርጋ፦
«እኔ የት ወጥቼ? ጠይቂ ዘውገ ጋ።»
ዘውገ ጎማ ጠጋኝ፣ ጥላው ስር ተኝቶ፣
«ሾፌሩ ነው» አለኝ፣ «ከጅቡቲ መጥቶ፣
ሲያቃስት አደረ፣ ጎማ አራግፎ ሄደ፤
ከዚያ ለት ጉልበቴ ጥሎኝ ተሰደደ።»

ጎማውን አየሁት፣ ዝናብ ያቆረውን፤
በጭልፋ ቀዳሁት ሽርጉድ የሚለውን።

ካርታዬ ላይ መስመር ወደ ባሕር ስስብ፣
ጥፋቱ የሩቅ ነው፣ እፎይ ብዬ ሳስብ፣
ክንዴን ቆንጠጥ አርጎኝ ቀና ብዬ ባየው፣
የኛው ጤና ጣቢያ በርሜል አፉ ክፍት ነው።

እርሳሴን አወጣሁ።
ነጥብ ጣልኩበት።