ፊትህን አዙርልኝ

ክሉዥ ላይ፣ ኅዳር ነው፣ ሰማዩ ሲጨልም፣
ሱቄን ልዘጋ ስል፣ መዝጊያው «አልገጥምም»
ብሎኝ ስታገለው፣ ስማራንዳ ገቡ፣
የጃንጥላቸውን ውሃ እያንጠባጠቡ።

«ባርና» አሉኝ፣ «ልጄ፣ የኦክታቪያን ጉድ
ደርሶሃል? ጡረታው ተበተነ እንዳመድ።
ሌባው በር አልገፋ፣ መስኮት አላንኳኳ፣
ጣቱን ሲቆጥርበት ከርሞ ኖሯል ለካ!
የነካውን ፊደል፣ የመታውን ቁጥር፣
የባንኩን መግቢያ ቃል፣ የሐኪሙን ምሥጢር፣
ለልጁ የጻፈው «እንዴት ነሽ» ሳይቀር፣
ማታ ማታ ሲልክ፣ ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።
እኔስ ቤት ማን አለ? ከጣቴ ሥር ሆኖ ማነው የሚያደምጠው?»

የሻጭ ምላሴን እንደ ቱባ ፈታሁት፣
ሦስት ሳጥን አውርጄ ጎን ለጎን አኖርኩት።
«ይሄኛው ፈጣን ነው፣ ማሽን አያዝልም፤
ይሄ ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ትንኝ አያልፍም፤
ይሄ ደግሞ በነፃ…» ብዬ ሳልጨርሰው፣
ከመነጽር በላይ አዩኝ አቀርቅረው።

«ዘበኛ በነፃ? ደመወዙን ማን ሰጠው?
ጅብስ ከማያውቁት አገር ሄዶ፣
ቁርበት አንጥፉልኝ አይደል እንዴ ያለው?

«ያየውን የሚያወራ፣ ለማን ነው ይሄኛው?
የለቀመውንስ የት ነው የሚከተው?
ውጣ ስለው ይወጣል? ወይስ ሥር ሰድዶ
ይቀራል ከቤቴ፣ እኔኑ አስገድዶ?»

ስንቱ ገዢ መጣ፣ ፍጥነቱን ጠያቂ፣
ስለ አሥር ሌይ ቅናሽ ቆሞ ተጨቃጫቂ፤
ይሄን የጠየቀኝ ግን እስከዛሬ የለም።
ስድስት ዓመት ሸጫለሁ፤
አንዱንም ውል እንኳ አንብቤ አላውቅም።

መብራቱን አቀረብን። ጉንዳን የመሰለ
ደቂቅ ጽሑፍ ነበር፣ ገጽ የተከለለ።
አሥራ አራተኛው ላይ፣ የነፃው፣ እንዲህ አለ፦
«የሚተይቡትን ልንሰበስብ እንችላለን፣
እርስዎን በተሻለ ለማገልገል ብለን።»
ስማራንዳ ሳቁ። ደረቅ ሳቅ ነው። ትራም አለፈ በደጃፉ።

«ኤሪካ ነበረችኝ፣» አሉ፣ «የጽሕፈት መኪና።
በየዓመቱ፣ በብርዱ፣ እንደታመመ ልጅ በሻል ተሸፍና፣
ፖሊስ ጣቢያ አደርሳታለሁ። ሰልፍ ነው።
ፊደሉን በሙሉ መትቶ፣ ናሙናውን ለመኮንኑ ማስረከብ ነው።
‹ኤር› የምትባለው ፊደል እግሯ ተሸርፎ ታነክስ ነበረች።
ለአንዲት ሌሊት ብቻ ሊቪያ ተዋሰቻት፤ ስለ ዳቦ ጻፈች፤
አንካሳዋ ፊደል ወረቀቱ ላይ ቆማ መሰከረች።
እኔ አልተናገርኩም፣ ልጄ። መኪናዬ ተናገረች።
ሊቪያ ከዚያ ወዲያ…»

አልጨረሱትም።

አንዱን ሳጥን አነሡ፤ ገለበጡ፤ አስቀመጡ፤
ደግሞ አነሡት፤ መቶ አርባ ሌይ ከቦርሳ አወጡ።
«ይሄኛው ቢያንስ» አሉ «ደመወዙን ከእኔ ይበላል፤
ጌታው እኔ ከሆንኩ፣ ለማን ያሳብቃል?»
እውነት ነው ለማለት አልደፈርኩም።

በማግሥቱ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ተበላሽቷል።
ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፣ ሲነሣ ያቃስታል።
ፍተሻው ሁለት ሰዓት ፈጀ። የፕለም ማርማላታ
በዳቦ በላሁኝ፣ አረንጓዴው መስመር እስኪሞላ ለማታ።
«ምንም አልተገኘም» አለ።
«‹የለም› እና ‹አላየሁም›» አሉ «አንድ ናቸው እንዴ?»
አይደሉም፣ አልኳቸው።
ቶሎ ቶሎ ያድሱት፣ የማያውቁት የላከውን አይክፈቱ፣ አልኳቸው።
ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በል፣ የባንኩን ቃል ልለውጥ። ፊትህን አዙርልኝ።»

ዞርኩ። ግድግዳው ላይ የአምና ቀን መቁጠሪያ አለ።
ከኋላዬ ቋ… አለ። ዝም አለ። ቋ… ቋ… አለ፤
ጣታቸው እንደ ዶሮ ጥሬ እየለቀመ።
አንድ። ሁለት። አራተኛው ጠንከር አለ።
ሰባተኛው ሰፊው ቁልፍ ነው፣ ድምፁ ይለያል።
አሥራ አንድ ላይ አበቃ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ እሰማ ነበር፤
ጆሮው ግን የእኔ ነው፣ ፊቴን ባዞርም እንኳ ሥራ ላይ ነበር።
ማንም ሳይቀጥረኝ፣
ማንም ሳይልከኝ፣
በነፃ።

«ጨረስኩ» አሉ። ፈገግ አሉ። ማርማላታ ቋጠሩልኝ።
ደረጃውን ስወርድ ልረሳው ሞከርኩኝ፤
አራት ፎቅ ሙሉ ግን፣ ጫማዬ፣ ደረጃ በደረጃ፣
ቋ… ቋ… እያለ ቆጠረብኝ።